ድንጋዩ የቆመ ዕለት

በአራት ዓመት ውስጥ አራት የሐኪም ቤት ካርድ አውጥቻለሁ። ሁለቱ ላይ «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ነጋዴ» ተብሎ ተጽፏል። ያስጻፍኩት እኔው ነኝ። ውሸት ነው እንዳይባል ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብርም እከፍላለሁ። ግን እውነትም አይደለም። እኔ ወፍጮ ፈጪ ነኝ፤ የፈጪ ልጅ ፈጪ። ካርድ ክፍል ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ከረባት ያሰረ ሰው ቆሞ እየሰማኝ፣ «ፈጪ» የምትለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ሳንባዬን ጨርሼው ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ አጉል ኩራት የያዘው ሰው ካለ፣ ሌላው ቢቀር ለሐኪም እንዳይዋሽ ብዬ ነው።

የሺ እባላለሁ። ባሌ ሮቤ ተወልጄ፣ ሮቤ አድጌ፣ ሮቤ ነው የወለድኩት። አባቴ ከመንዝ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያችን ከኋላ ሆኖ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ የቁም ሳጥናችን ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። በልጅነቴ ዘመድ ቤት ሳድር እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት ቤት ስላልሆነ ነበር።

አባቴ ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ ድንጋዩ አይቆምም። ዓርብ አብረውት የሚሠሩት ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሲሄዱ እሱ ይፈጫል፤ እሑድ እሱ ቅዳሴ ሲሄድ ጋሽ ከድር ይፈጫሉ። ወፍጮው የሚያርፈው ለስቅለትና ድንጋዩ ሲወቀር፣ ማለትም የለሰለሰ ፊቱ በመዶሻ ሲሻከር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ደንብ፣ እህል ፊት አፍንጫ አይሸፈንም። «ሰውየው የልጆቹን ጉርሻ ነው ተሸክሞ ያመጣልሽ። አፍንጫሽን ከሸፈንሽበት ሸተተኝ አልሽው ማለት ነው» ይለኝ ነበር። አስፈጪውም ይህንኑ ይጠብቃል። በኮሮና ጊዜ አገሩ ሁሉ ማስክ ሲያደርግ እኔ መንገድ ላይ አደርግና ወፍጮ ቤት ስገባ አወልቀዋለሁ። አሁን ሳስበው የራሴው ጅልነት ያስቀኛል።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስል የኖረ ሰው ነው። ሳሉ ቀድሞት ቤት ይገባል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። መጨረሻ ላይ ጋደም ማለት አቅቶት ተቀምጦ ነበር የሚተኛው። የባሌ ቁር ነው እያልን ጋቢ ስንደራርብለት ኖርን። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «የሺ፣ ድንጋዩ እንዳይቆም» አለኝ። እሺ አባዬ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት አላቆምኩትም።

የኔ ሕመም ሲጀምር ሕመምም አይመስልም ነበር። ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ይበላኛል። ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ላይ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር፤ ሙሉ ማዳበሪያ ስንዴ ደረቴ ላይ የጫኑብኝ ያህል። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ቆሜ፣ ዘመድ ጠይቄ እስክመለስ ቀለል ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ስለሳምኩ ነው ብዬ አመሰግናለሁ። ሐሙስና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ከበር እስከ ሚዛኑ ለመሄድ ሁለቴ አርፋለሁ። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ቀኖቹን እየቆጠርኩ፣ ነገሩን ማገናኘት አልቻልኩም። እንዴት አይታየኝም? እያልኩ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ሦስት ቀን ተኝቼ ተሻለኝ፣ ሥራ ገባሁ፣ ተመለሰብኝ። እንደገና መርፌ። ሦስተኛው ላይ ሌላ ቦታ ሄድኩና ራጅ ተነሣሁ። ሳንባሽ ላይ ጥላ አለ ተባልኩ። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አክታ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ ተመላለስኩ። እዚያ ወረፋ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ሰው ከሰው ራቅ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉም የሚተያየው በጎን ነው። አክታው ምንም አላሳየም። ቢሆንም ራጁ ስለሚያጠራጥር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንድጀምር ተወሰነ፤ ስድስት ወር ሙሉ።

ዕለቱን ቤት ገብቼ ብርጭቆዬን ለየሁ። ማንም ለዪ አላለኝም። ባለቤቴ ተሾመ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ ነው። ብርጭቆዋን ለብቻዋ ሳስቀምጣት አየኝና ፊቱን አዞረ። ሴት ልጄ ምግቤን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ቶሎ ትወጣ ነበር፤ ፈርታ ይሁን አዝና እስካሁን አልጠየቅኳትም። ጎረቤት መጥቶ ደጅ ቆሞ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይሄዳል። መድኃኒቱም አዛለኝ። በመጨረሻ እህቴ ከምትኖርበት ከአጋርፋ ከተማ መጥታ ወሰደችኝ። የገባሁ ዕለት ውሃ ጠጥቼ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ አነሣችና የተረፈውን ጭልጥ አደረገችው። «አንቺ እብድ ነሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ እብድ ነኝ» አለችኝ። ታምሜ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ያችን ቀን አልረሳትም።

አጋርፋ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ሳሉ ሄደ። ደረቴ ተከፈተ፣ ወፈርኩም። መድኃኒቱ ሠራ ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ሮቤ ስመለስ ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል!» አለኝ። ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ቆመው «አልሃምዱሊላሂ» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በማግሥቱ ሚዛኔ ላይ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ተመለሰ። ሐኪም ቤት ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ክኒኑን አቋርጠሻል?» የሚል ነበር። አላቋረጥኩም፤ አንዲት ቀን አልዘለልኩም። የሚያምነኝ ግን አጣሁ። ምናልባት በሽታው መድኃኒቱን የለመደ ዓይነት ይሆናል ተባለ። ያኔ ነው በትክክል የፈራሁት። እሞታለሁ አልኩ፤ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንደሱ ትራስ ደርቤ፣ እንደሱ እሞታለሁ።

ከዚያ ሰፈሩ መከረ። አጋርፋ ስሄድ ይሻለኛል፣ ቤቴ ስገባ ያመኛል። ጠበል ሁለት ሳምንት ገብቼ ድኜ ወጣሁ፣ ቤቴ ገብቼ ወደቅሁ። «ነገሩ እዚህ ግቢ ነው» አሉ። የተሾመ አክስት ሰው አስጠርተው የወፍጮ ቤቱን ደጃፍ አስቆፈሩት። አንድ የዛገ ምስማርና የበግ አጥንት ወጣ። «ይኸው! መተት!» ተብሎ እልልታ ቀረሽ ሆነ። ምስማሩን አውቀዋለሁ፤ የድሮውን በር ሲቀይሩ አባቴ የጣለው ነው። ከነአጥንቱ እሳት ውስጥ ተጣለ። አሁን ሳስበው ሰፈሩ አልተሳሳተም። ቤቱ ነበር። ምኑ እንደሆነ ነው ያላወቁት።

ተሾመ በመጨረሻ ተቆጣ። ተቆጥቶ አያውቅም። «ተነሺ» አለና በሚኒባስ ጎባ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ። ካርድ ክፍል አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ተቀምጣለች፤ ሐዋ ትባላለች።

«ስም?» ነገርኳት። «ዕድሜ?» ነገርኳት። «ሥራ?»

«ነጋዴ።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «አዴ የሺ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ነጋዴ ብዬ ብጽፍ እናቴ ምን ትለኛለች? ሮቤ ድረስ እየሄደች ገብሷን ከእርስዎ ሌላ ሰው ጋ አታስፈጭም እኮ። ማሎ፣ ፈጪ ብዬ ልጻፍ።»

አዴ ወይዘሮ፣ ማሎ ደግሞ እባክዎን ማለት ነው፤ በኦሮምኛው። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ላስቆማት ስል ጽፋ ጨርሳለች።

አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዓት ቆየን። አጠገቤ ከዲንሾ በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሳሌ ሲነሣ ራቅ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይማርሽ ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ልጅ እግር ነች። ራጆቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣች አየች። ከዚያ ካርዱን አነበበች። አነበበችና ራጁን አስቀመጠችው።

«ወፍጮ ቤት ነው የሚሠሩት?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«እሑድ እሑድ ይሻልዎታል?»

ደነገጥኩ። አዋቂ ቤት የገባሁ መሰለኝ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ማንም አልነገራትም። የቀደሙት ያልደረሱበት ማንም ሥራዬን ስላልጠየቀኝ፣ የጠየቀኝም ነጋዴ የሚለውን አንብቦ ስላለፈ ነው። ነቀርሳ አይደለም፣ የእህል ብናኝ ነው አለችኝ። አንዳንድ ሰው ሳንባው ብናኙን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ በገባ ቁጥር ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መተንፈሻው ይጠብባል። ሻጋታ የነካው እህል ሲሆን ይብሳል። ብዙ ዓመት ከቆየ ሳንባው ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው አይመለስም። «ጋሽ ከድር ታዲያ? ከኔ በላይ ኖረውበታል፣ ጉንፋን እንኳ አይዛቸውም» አልኳት። «የሰው ፊት አንድ ነው እንዴ? ሳንባም እንደዚያው ነው» አለችኝ። የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ሰጠችኝና ሁለት ሳምንት ሮቤ፣ ሁለት ሳምንት አጋርፋ እየነፋሁ ቁጥሩን እንድጽፍ ነገረችኝ። ጻፍኩ። አጋርፋ ወጣ፣ ሮቤ ወረደ። ለልጅ እንኳ የሚገባ ነገር ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘችልኝ። «ግን» አለችኝ፣ «ዱቄት ውስጥ ተቀምጠው ይህን ቢስቡ ምጣዱ ላይ እጅዎን አስቀምጠው ቅባት እንደ መቀባት ነው። ሥራውን መተው አለብዎት። ቤቱንም ጭምር።»

«ቀነስ ባደርገውስ?»

«መተው።»

«እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ ብሠራስ?»

«ወይዘሮ የሺ፣ መተው ነው ያልኩዎት።»

እንግዲህ በሽታዬ ተገኘ። ሐኪም የሚችለውን አደረገ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት ሁሉ የኔ ነው። ማታውኑ ተሾመ «በቃ እንተወው፣ ጎባ ቤት እንከራይ፣ እኔ እየተመላለስኩ እሠራለሁ» አለኝ። «አንተ ቢሮህን ተው! ያንተ አባት እጅህን ይዞ አደራ ያለህ ነገር የለም!» አልኩት። አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም፤ እውነቱን ነው። ይቅርታ የጠየቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

መተው ለኔ የሰነፍ ነገር ነበር። የሰው ወፍጮ ሲዘጋ «ተወ» ሲሉት የቀበሩት ያህል ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ሚዛኑን ወደ በሩ አወጣሁት። ሁለት መስኮት አስከፈትኩ። ማስክ በሽርጤ ኪስ ይዤ፣ አስፈጪ ሲጠፋ አደርገዋለሁ፣ ሰው ሲመጣ አወልቀዋለሁ። መድኃኒቱን ደበቅ ብዬ እስባለሁ። እንደዚህ እየተሽሎከሎክሁ ወራት ቆየሁ፤ እያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በሕማማት ሳምንት የጋሽ ከድር ወንድም አረፈና ጊኒር ለቅሶ ሄዱ። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ማዳበሪያው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ገባሁ፤ ማስኬንም አደረግሁ። ከገሰራ የመጣች ሴት ገብሷን ፈታች። ዝናብ አግኝቶታል፤ ሻጋታው ከሩቅ ይጣራል። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ጠቆረ።

«አዴ፣ ገብሴ ሸተተሽ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩና ማስኩን አወለቅኩት። እህሏን በሁለት እጄ አቅፌ ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጥኩት።

የማስታውሰው አቧራው አረንጓዴ መስሎ ሲነሣ ነው። ከዚያ አየር ጠፋ። አፌን ከፍቼ እስባለሁ፣ የሚገባ ነገር የለም። በጉልበቴ ወደቅሁ። ሴቲቱ ትጮኻለች፣ ከንፈሯን አያለሁ፣ ድምፅዋን ግን ወፍጮው ዋጠው። ለምሳ ሰዓት ቤት የመጣው ተሾመ በጓሮ በር ሮጦ ሲገባ አየሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ያንን ሞተር ነክቶ አያውቅም። ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ማጥፊያውን ፈለገ፣ አገኘው፣ መታው።

ድንጋዩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

ጸጥ ሲል አንድ የሚያፏጭ ነገር ሰማሁ። ቀጭን፣ እንደ ድመት ግልገል። ቀበቶው ተበጥሶ ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ ደረቴ ነው። እንደዚያ ሲያፏጭ ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ፤ ወፍጮው እየጮኸ የራሴን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጎባ ስምንት ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛሁ። ፋሲካ እዚያው ዋለ። ጋሽ ከድር ከለቅሶ በቀጥታ መጡ፤ የሐዘን ፎጣቸውን እንኳ ከትከሻቸው አላወረዱም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«የሺ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አሉኝ። «አባትሽ ከመሞቱ ዓመት በፊት ጠራኝ። ‹ከድር፣ ደረቴ አልቻለም፣ ልተወው ነው። አጋርፋ ልጄ ጋ ሄጄ ንብ ላርባ› አለኝ። ተው እንጂ፣ ማን ከለከለህ አልኩት። ‹የሺ ምን ትለኛለች? አባቴ ሰነፈ ትላለች። እሷ ፊት መተው አልችልም› አለኝ። ወላሂ፣ አንቺን ነው የፈራው።»

«ታዲያ ድንጋዩ እንዳይቆም ያለኝስ?»

«መስማት የምትፈልጊውን ነዋ የነገረሽ።»

ጭምብሉ ውስጥ አለቀስኩ። ሲያለቅሱ ትንፋሽ እንደሚያጥር አላውቅም ነበር፤ ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ። እሱ እኔን ፈርቶ ሳይተው ሞተ። እኔ እሱን ፈርቼ ሳልተው ልሞት ነበር። አደራ ብለን የያዝነው ነገር ሁለታችንም ያልፈለግነው ነበር።

ከሆስፒታል ወደ ሮቤ አልተመለስኩም። ጎባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን፤ ተሾመ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ወፍጮውን ጋሽ ከድር ተረከቡት። በአንድ ነገር ብቻ አስማልኳቸው፦ አፍንጫ ይሸፈን። መጀመሪያ ራሳቸው ፎጣቸውን አፍንጫቸው ላይ አሰሩና «እህላችሁ አልሸተተኝም፣ ሳንባዬን ነው የምጠብቀው» እያሉ ለእያንዳንዱ አስፈጪ አስረዱ። አንዳንዱ ተቀይሞ ሌላ ወፍጮ ሄደ። ይሂድ።

ድኜ ዘፈንኩ ብል እዋሻለሁ። ጠባሳው አለ። ዳገት አልችልም፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አራት ቦታ አርፋለሁ። ከሳነቴ ተራራ ነፋስ ሲወርድ ቤቴ ተከትቼ እውላለሁ። የተወለድኩበት ግቢ መግባት አልችልም፤ ሮቤ ለጉዳይ ስሄድ ባጃጁ በወፍጮ ቤቱ ሲያልፍ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደርጋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ነበር። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ብርጭቆዎቹ አይንቀጠቀጡም። ተሾመን ያለ ምክንያት እጨቀጭቀዋለሁ። አሁን ቀንሻለሁ፤ እሱ ግን አልቀነስሽም ይላል። መድኃኒቴን እንደታዘዘው እወስዳለሁ። እንደኔ የሥራ ቀን አሞት የዕረፍት ቀን የሚሻለው ሰው ካለ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ባይጠይቀውም ራሱ ይናገር።

ባለፈው ወር ለክትትል ሄድኩ። የድሮው ካርድ ሞልቶ አዲስ ማውጣት ነበረብኝ። ሐዋ ናት ያለችው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

«ሥራ?» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ ታስታውሳለች።

«ፈጪ ነበርኩ» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

እስክርቢቶዋን አነሣችና ቆም አለች። «አዴ የሺ፣ ‹ነበርኩ› ተብሎ አይጻፍም እኮ።»

«እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል እሱን ለማለት» አልኳት። «ጻፊው።»

ጻፈችው።